የመተማ ዕጣንና ያልተቈጠረው ሰው፤ ስለ አራት ጽሑፎች የቀረበ ትችት

ከጐንደር ተነሥቶ በአዘዞና በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ፣ ደጋውን ከኋላው ጥሎ ገንዳ ውኃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ የሚያገኘው ከተማ ብቻ ሳይሆን በር ነው። ድልድዩን ከተሻገረ ገላባት ነው፤ ከዚያም ወዲያ የሱዳን ሜዳ ይቀጥላል። ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በዚያ ከወደቁት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። ስለዚህ መተማ ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ ቀድሞ የሚመጣው ጦርነቱ ነው። ነገር ግን መተማ ከጦርነቱ አስቀድሞም ከጦርነቱ በኋላም ገበያ ነበረች፤ ዛሬም ገበያ ናት። በዚህ በር በየዘመኑ የወጣው ነገር ተጽፎአል፤ ለወጣው ነገር ዋጋውን የከፈለው ሰው ግን ተጽፎአል ለማለት ያስቸግራል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉድለት በአራት ጽሑፎች ላይ መርምሮ ማሳየት ነው። አንደኛው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ስለ አትባራና ከኢትዮጵያ ስለሚወርዱት ገባሮቹ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1867 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሦስቱ ግን የዘመናችን የሳይንስ ጽሑፎች ናቸው፤ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2012፣ አንዱ በ2019 የታተሙ ሲሆን ነገራቸው ስለ ዕጣን ዛፍ ነው። አዳኝ ተጓዥንና የደን ሊቃውንትን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም በዕውቀትም ሆነ በቅንነት እኩል ናቸው አልልም። አንድ ላይ ያቀረብኋቸው አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነው፤ ይኸውም ከመተማ ቈላ ሀብት ሲወጣ ጸሐፊው ማንን ቈጠረ? ማንንስ ሳይቈጥር አለፈ? የሚል ነው።

ከቤከር እንጀምር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 በሰቲት፣ በአንገረብ፣ በረሐድና በድንድር ወንዞች አካባቢ እያደነ ሲዞር ወደ መተማ ገበያም ደርሶ ነበር። ለማየት የሠላ ዓይን አለው፤ የወንዙን ጠባይ፣ የአራዊቱን አካሄድ፣ የሣሩን ቁመት ሁሉ ይጽፋል። በሰይፍ ዝሆን የሚጥሉትን የሐምራን ዐረቦች ታሄር ሸሪፍንና ወንድሞቹን በስማቸው ይጠራል፤ ጀግንነታቸውንም ያደንቃል። ከመተማ ገበያ ሲደርስ ግን አጻጻፉ ይለወጣል። በዚያ የባሪያ ነጋዴዎች ሰፈር እንደ ነበረ፣ ከኢትዮጵያ ውስጥ የተወሰዱ ልጃገረዶችም ይሸጡ እንደ ነበረ ይነግረናል። ስለ መልካቸው በአድናቆት ይናገራል፤ ገበያ ነውና ዋጋ እንደ ነበራቸውም አይሰውርም። ነገር ግን ከነዚያ ልጆች መካከል የማንኛዋም ስም፣ የማንኛዋም አባት ስም አይታወቅም። አዳኙ ስም አለው፤ የተሸጠችው ስም የላትም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ፍትሕ ይመስለኛል። ቤከር የባሪያ ንግድን የሚደግፍ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በግብፁ ኬዲቭ ተቀጥሮ በላይኛው ዓባይ ይህንኑ ንግድ እንዲያጠፋ ተልኮአል። ስለዚህ የመጽሐፉ ጉድለት ከጭካኔ የመጣ አይደለም። ጸሐፊው ያንን ምድር የሚያየው ምን እንዳለበት ለማወቅ በሚፈልግ በውጭ ሰው ዓይን ስለ ሆነ ነው። በዚህ ዓይን የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ቆዳና ሰው በአንድ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። ሰው ተቈጠረ፤ የተቈጠረው ግን እንደ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ዕጣኑ እንምጣ። በመተማ፣ በቋራና በአርማጭሆ ቈላ ድንጋያማ በሆነው ተረተር ላይ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ በትግርኛ መቀር ይባላል። ሊቃውንት በሳይንስ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይሉታል። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ የሚነሣ፣ በበጋ ቅጠሉን የሚያረግፍ ዛፍ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን በጽና የሚታጠነው፣ በቡና ሥርዓት ላይም ከፍም የሚጨመረው ዕጣን ከዚሁ ዛፍ የሚገኝ ነው። በዓለም ገበያም ቢሆን ዛሬ ከሚሸጠው ዕጣን ትልቁን ድርሻ የሚሰጠው ይኸው ዛፍ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ዝናሙ ካቆመበት ከመስከረም መጨረሻ ወይም ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ሠራተኛው መንጋፍ በሚባለው ስለታም መሣሪያ የዛፉን ቅርፊት በጥቂቱ ይልጣል። ይህ ማድማት ይባላል። ከቁስሉ የወጣው ነጭ ሙጫ ከደረቀ በኋላ ተመልሶ ይለቅመዋል፤ ቁስሉንም እንደ ገና በጥቂቱ ያሰፋዋል። በአንድ በጋ ይህን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይመላለስበታል። በመተማ ይህን ሥራ የሚሠሩት ለብዙ ዘመን በአብዛኛው ሙያውን ከአባቶቻቸው የተማሩ የትግራይ ሰዎች ነበሩ። ከቤታቸው ርቀው በሙቀትና በወባ አገር ከዛፍ ወደ ዛፍ፣ ከተረተር ወደ ተረተር ሲሄዱ ወራቱን ይፈጽሙ ነበር። የተለቀመው ዕጣን ከዚያ ወደ መጋዘን ይሄዳል፤ በዚያም ብዙውን ጊዜ ሴቶች ተቀምጠው በመጠኑና በንጣቱ ይለዩታል። ትልቁና ነጩ አንደኛ ደረጃ ይሆናል፤ ደቃቁና ጥቁሩ ወደ መጨረሻው ይወርዳል።

ስለዚህ ዛፍ ከተጻፉት ሁሉ ክብር የሚገባቸው ከላይ የጠቀስኋቸው ሦስቱ ጽሑፎች ናቸው። ሁሉም የኔዘርላንዱ የዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር የደከሙበት የብዙ ዓመት ሥራ ፍሬዎች ናቸው። በመጀመሪያው አበጀ እሸቴና ባልደረቦቹ አንድ ዛፍ ስንት ጊዜና በስንት ቦታ ቢደማ ምን ያህል እንደሚሰጥ መዝነዋል። ያገኙት ነገር ግልጽ ነው። የቁስሉ ቍጥር ከ3 ወደ 9 ሲያድግ ምርቱ ያድጋል፤ ከ9 በላይ ቢቈስል ግን የሚጨምር ነገር የለም። እንዲሁም በአንድ በጋ ውስጥ ምርቱ እስከ 7ኛው ዙር ድረስ እየጨመረ ሄዶ ከዚያ በኋላ ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር ከ9ኛው ቁስል በኋላ ዛፉ በከንቱ ይደማል ማለት ነው።

በሁለተኛው ጽሑፍ ግሩነንዳይክና ባልደረቦቹ፣ ከነርሱም መካከል ይኸው አበጀ እሸቴ፣ በ12 የዛፍ ስብስቦች ላይ ለሁለት ዓመት ክትትል አድርገዋል። አንዳንዶቹ የሚደሙ፣ ሌሎቹ የማይደሙ ነበሩ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነው። ነገሩ እንዳለ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፎቹ ከመቶ 90 ይጠፋሉ፤ ምርቱ ደግሞ በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የማይደማውም ደን እንደሚደማው ሁሉ መመናመኑ ነው። ችግኙ ይበቅላል፤ ግን ወደ ወጣት ዛፍነት አይደርስም፤ ከብት ይበላዋል፣ እሳት ያቃጥለዋል። ትልልቆቹን ዛፎች ደግሞ ግንድ የሚሰረስር ጥንዚዛ ይጥላቸዋል። ሦስተኛው፣ ፍራንስ ቦንገርስና ብዙ ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ይህንኑ አስፍቶ በ23 ስብስቦች 21,786 ዛፎችን ይቈጥራል። የ202 ዛፎችንም የዕድሜ ቀለበት ይመረምራል። ከተመረመሩት ስብስቦች ከሦስት አራተኛው በሚበልጡት ትናንሽ ዛፎች የሉም፤ ደኑ ለአሥርተ ዓመታት ራሱን አልተካም ይላል። በ20 ዓመት ውስጥም የዕጣኑ ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ ይተነብያል።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያቃልል ሰው ቢኖር ዕውቀትን የሚያቃልል ነው። ዛፉ እያለቀ መሆኑን በቍጥር ባያሳዩን ኖሮ እኛ አሁንም ደኑ እንደ ድሮው ነው እያልን እንተኛ ነበር። የኔ ትችት ጽሑፎቹ ባሉት ላይ አይደለም፤ ባሉት ነገር አጠገብ ባዶ በቀረው ቦታ ላይ ነው።

በነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ሰው በአብዛኛው የሚገባው እንደ ምክንያት ነው። ማድማት፣ ግጦሽ፣ እሳት፣ ምንጠራ ተብሎ ይዘረዘራል። እነዚህ ሁሉ ግሦች ባለቤት አላቸው፤ ባለቤቱ ግን አልተጠየቀም። ለምሳሌ ከ9 ቁስል በላይ ምንም እንደማይጨምር ከታወቀ ለምን ብዙ ይቈስላል? ከ7ኛው ዙር በኋላ ምርቱ የሚቀንስ ከሆነ ለምን እስከ 12 ዙር ይደርሳል? ይህን ዛፉ አይመልስልንም። መልሱ ያለው ከሠራተኛው ደመወዝና ከድርጅቱ ውል ላይ ነው። ሠራተኛው የሚከፈለው በሰበሰበው ኪሎ ከሆነ፣ ከቀነሰው ዙር የሚያገኘው ጥቂት ኪሎ ለርሱ ባዶ እጁን ከመመለስ ይሻለዋል። ደኑም ለድርጅት ወይም ለማኅበር ለተወሰነ ጊዜ በፈቃድ ከተሰጠ፣ ባለ ፈቃዱ ከ15 ዓመት በኋላ የሚመጣውን ጉድለት የሚያስብበት ምክንያት የለውም፤ በዚያን ጊዜ ደኑ የርሱ አይሆንምና። በአካባቢው የሚኖረው ገበሬ ደግሞ ከዕጣኑ ብዙም ድርሻ ካላገኘ፣ ለርሱ የዕጣን ዛፍ ማለት ሰሊጥ ሊዘራበት የሚችለውን መሬት የያዘ እንጨት ነው። ሦስቱም በየራሳቸው ስሌት ተሳስተዋል ለማለት ያስቸግራል። የሦስቱ ስሌት ሲደመር ግን ደኑ ይጠፋል።

የዋጋው ነገርም ሌላው ባዶ ቦታ ነው። ዕጣኑ ተለቅሞና በደረጃ ተለይቶ አብዛኛው ጥሬውን ወደ ዐረብ አገሮች፣ ወደ እስያና ወደ አውሮፓ ይሄዳል። በዚያ ዘይቱ ይጣራል፤ ሽቶ፣ መድኃኒትና የመታሻ ቅባት ሆኖ በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። ትርፉ የሚበዛው ጥሬው ነገር በሚለወጥበት ቦታ ነው፤ መለወጫው ደግሞ በመተማ የለም። ይህ ለዕጣን ብቻ የተለየ ነገር አይደለም፤ የቡናም የሰሊጥም የብዙ የአፍሪካ ማዕድንም ታሪክ ይኸው ነው። ነገር ግን ዕጣን ከነዚያ በአንድ ነገር ይለያል። ቡና እንደ ገና ይተከላል፤ ይህ ዛፍ ግን ተተኪ ሳይኖረው የሚያረጅ ነው። ስለዚህ ዛሬ በርካሽ የሚሸጠው የዓመቱ ምርት ብቻ ሳይሆን የደኑ ዕድሜ ጭምር ነው። «የጨው ገደል ሲናድ ብልኅ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» የተባለው ለዚህ ይስማማል።

ከዋጋው ሁሉ የሚከብደው ግን በሰው ሰውነት የሚከፈለው ነው። ዕጣኑ በድንጋያማው ተረተር ሲገኝ፣ ሰሊጡ ከተረተሩ በታች ባለው በጥቁሩ የዋልካ ሜዳ ይዘራል። ደኑ ሲመነጠር መሬቱ ወደ እርሻ ይለወጣል፤ ከእርሻው የሚገኘው ሰሊጥም እንደ ዕጣኑ ጥሬውን ወደ ውጭ አገር ይሸጣል። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ በየዓመቱ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋው ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቈላ ይወርዳል። በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ ግን ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፍ ጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። ሠራተኛው ቤት የለውምና ሌሊት ከግራር ሥር ይተኛል፤ ዝንቢቱም በሌሊት ትነድፈዋለች። በሽታው ትኩሳቱ አይለቅም፤ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል። ካልታከመ ይገድላል። የኢትዮጵያ የካላዛር ሕመም ትልቁ ክፍል የሚገኘው በዚሁ ቈላ ነው። ሕክምናውም ቀላል አይደለም፤ በሁለት መድኃኒት 17 ቀን መርፌ መወጋት ነው። በቀን ሥራ ለሚኖር ሰው 17 ቀን ማለት የአጨዳው ወቅት አለፈ ማለት ነው።

ሠራተኛው ሲመለስ በሽታውም አብሮት ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ጐንደር በሊቦ ከምከም፣ ከዚያ በፊት ካላዛር በማይታወቅበት አገር፣ ወረርሽኝ ተነሣ። በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው ካላዛር መሆኑ የታወቀው። ወደ ደጋው ያመጡት ከቈላው እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አልቀሩም ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ ይህን ሞት በየትኛው መዝገብ እንጻፈው? በወጪ ንግድ መዝገብ ሰሊጡ በኩንታል ተጽፎአል። በደን ጥናት የተመነጠረው መሬት በሄክታር ተጽፎአል። በሆስፒታል መዝገብ በሽተኛው በቍጥር ተጽፎአል። ሦስቱ መዝገቦች ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። የሊቦ ከምከም እናት ልጅዋን ስትቀብር፣ በሩቅ አገር ዳቦ ላይ የተነሰነሰው ሰሊጥ ከዚህ መቃብር ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚነግራት ጽሑፍ የለም።

በዚህ ላይ ሊነሡ የሚችሉ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው የደን ሊቅ ሥራው ዛፍ መቍጠር ነው፤ ሰውን የሚቈጥር ሌላ ሊቅ ይምጣ የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጽሑፎቹ በመጨረሻቸው ምክር ይሰጣሉ፤ ግጦሽ ይከልከል፣ እሳት ይጠበቅ፣ ማድማቱ ይቀነስ ይላሉ። ምክሩ የሚፈጸመው በሰው ላይ ከሆነ፣ ያ ሰው በምን እንደሚኖር ሳያውቁ ምክር መስጠት በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት ማዘዝ ይሆናል። ዛፉ ለጥቂት ዓመታት ይረፍ ሲባል፣ ዛፉ ሲያርፍ ሠራተኛው የሚበላው ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ የሳይንሱ ክፍል ሊሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ጥፋቱን ሁሉ ወደ ባዕድ መግፋት ነው የሚል ይሆናል። እኔም ይህን አጥብቄ እፈራዋለሁ። በቤከር ዘመን ልጃገረዶቹን ወደ መተማ ያወረዷቸው ባዕዳን ብቻ አልነበሩም፤ ከደጋው ገበያ ጀምሮ ያስተላለፉ የአገር ሰዎች እጅ ነበረበት። ዛሬም ፈቃዱን የሚሰጠው፣ ደኑን የሚመነጥረው፣ ሠራተኛውን ያለ አጎበር በሜዳ የሚያስተኛው ባዕድ አይደለም። የውጭው ገበያ ዋጋ ይቈርጣል፤ በዚያ ዋጋ ማን ምን ያህል እንዲሸከም የሚወስነው ግን በአገር ውስጥ ያለው ውልና ልማድ ነው። ባዕዱን ብቻ የሚከስ ጽሑፍ ለጸሐፊው ደስታ ይሰጣል እንጂ በመተማ አንድ ሰው አያድንም።

እንግዲህ በቤከር መጽሐፍ ሰው እንደ ዕቃ ተቈጠረ፤ በአዲሶቹ ጽሑፎች ሰው እንደ ጥፋት ምክንያት ተቈጠረ። ዋጋ ከፋይ ሆኖ የተቈጠረበት ጽሑፍ ገና ይቀረናል። ይህን ለመጻፍ ትልቅ ገንዘብ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከዚህ ኮሌጅ አንድ ተማሪ በበጋው ዕረፍት ወደ ገንዳ ውኃ ወርዶ ጥቂት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ይበቃል። አንድ ዕጣን አድሚ በአንድ በጋ ስንት ኪሎ ይለቅማል? በኪሎው ስንት ይከፈለዋል? ከዚያ ላይ ለእህል፣ ለውኃና ለመድኃኒት የሚቀነስበት ስንት ነው? ስንት ቀን ታሞ ተኛ? መጋዘን ውስጥ የምትለየው ሴት በቀን ስንት ታገኛለች? ያው ኪሎ ከአገር ሲወጣ ስንት ተሸጠ? እነዚህን ቍጥሮች ከ21,786ቱ ዛፎች አጠገብ ስናስቀምጣቸው ብቻ ነው ሒሳቡ ሙሉ የሚሆነው።

መምህራኖቻችን የመስክ ጥናት ርእስ ሲሰጡን፣ እኛም ባልንጀሮቼ ተማሪዎች ስንመርጥ፣ ይህን ርእስ እንድናስበው እለምናለሁ። ሊቃውንቱ ለዛፉ የሰጡት ዘመን አጭር ነው፤ ከ2012 ጀምሮ የተቈጠረው 15 ዓመት በማለቅ ላይ ነው። ዛፉ ካለቀ በኋላ መንጋፍ የሚይዝ ሰው አይገኝምና፣ የሚጠየቅም ሰው አይኖርም።